ለጥላ ቤት የጥላ አበባ

በማሻ የገበያ ቀን ከኮረሪማውና ከጥምዙ፣ ከነጩ ማርና በኮባ ከተጠቀለለው ቆጮ አለፍ ሲሉ የፕላስቲክ ዕቃ ተራ ይገኛል። ባልዲው፣ ጆጉ፣ ጀሪካኑ ያስፈልገናልና በእሱ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ከባልዲዎቹ በላይ በሲባጎ ታስሮ የሚንጠለጠለው የፕላስቲክ አበባ ነው። ከመርካቶ ተጭኖ፣ ጅማን፣ በደሌን፣ መቱንና ጎሬን አቋርጦ፣ ምድሩ ሁሉ ለምለም ወደሆነው ሸካ ይገባል። ገዢም አያጣም። ቤት ሲደርስ የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ አቧራና የከሰል ጢስ ይሰበስባል፤ ሲጠቁር በኦሞ ይታጠባል፤ ቀለሙ ሲለቅ ይጣልና ሌላ ይገዛል። ይህ ልማድ እንዲቀር እፈልጋለሁ። “በቦታው ምን ይቀመጥ?” ለሚለኝም መልስ አለኝ፤ የአፍሪካ ቫዮሌት ይቀመጥ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከጎሬ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የስፌት መኪናዬ ወደ ምሥራቅ ከሚያየው መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ቫዮሌቶቼ ተደርድረዋል። ሐምራዊ አለ፣ ነጭ አለ፣ ጠርዙ ነጭ የሆነ ሮዝ አለ። ልብስ ሊያሳጥር የሚገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ እዚያ ያርፋል፤ ከዚያ እጁን ይዘረጋና ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ያዝ ያደርጋል። “የእውነት ነው ወይስ ፕላስቲክ?” ይለኛል። ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። ጠያቂው ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ ዛፍ በዛፍ ላይ የበቀለበት ደን ያገኛል። ቤት ውስጥ ያየው አበባ ግን ነፍስ ይኖረዋል ብሎ አስቀድሞ አያስብም።

እኛ እኮ ለምለም ነገር ወደ ቤት ማስገባት ያስተማረን የለም፤ ስንወለድ ያገኘነው ነው። ቡና ሲፈላ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ቄጠማ ይዘው ደጅ ለደጅ ይዞራሉ። የመስቀል ደመራ ላይ አደይ ይታሰራል። ዛሬ ዛሬ ግን ረከቦቱ ሥር የሚነጠፈው አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር እየሆነ መጥቷል፤ በአዲስ አበባ የጀመረው ማሻም ደርሷል። ቀለሙ አለ፣ ሽታው የለም፣ ሲረግጡት እርጥበቱ የለም። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ከኬንያ ቀጥላ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፤ የሆለታና የዝዋይ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ አውሮፓ ገበያ ላይ ይውላል። በየሳሎናችን ያለው ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሰዎች ለምን ፕላስቲኩን እንደሚመርጡ አውቃለሁ፤ ደንበኞቼ ነግረውኛል። “ቤቴ ጨለማ ነው” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የእኛ አገር ቤት በረንዳ አለው፤ ጣሪያው ወደ ፊት ረዘም ብሎ ዝናቡን ይመልሳል፤ መስኮቱ ለብርድ ሲባል ጠበብ ይላል፤ በዚያ ላይ መጋረጃ አለ። ማሻ ደግሞ ዓመቱን ከሞላ ጎደል የሚዘንብባት፣ ጉሙ እስከ ረፋድ የማይገለጥባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጽጌረዳ ወይም የፀሐይ አበባ ያስቀመጠ ሰው በወሩ የገረጣ እንጨት ይተርፈዋል። ከዚያ ወዲያ “እዚህ ቤት አበባ አይሆንም” ይልና ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል። ቤቱ ግን ጥፋት የለበትም። ፀሐይ ወዳዱን ተክል ጥላ ውስጥ አስገብተውት ነው። ለጥላ ቤት የጥላ አበባ ነው የሚያስፈልገው፤ ቫዮሌት ደግሞ በጥላ ውስጥ ከሚያብቡት ጥቂት ተክሎች አንዱ ነው።

ስለ ብርሃን ከሙያዬ ተነስቼ ልናገር። ልብስ ሰፊ ፀሐይ አይወድም። ቀጥታ ፀሐይ የነካው ጨርቅ ቀለሙ ይበላል፤ በተለይ ጥቁርና ቀይ ገበር። ጨለማም አይሆንለትም፤ ክሩን በመርፌ ዓይን ማስገባት አይችልም። ስለዚህ ልብስ ሰፊ ሁሉ ፀሐይ የሌለበት፣ ግን ፍክት ያለ ቦታ ፈልጎ መኪናውን ያስቀምጣል። ቫዮሌትም የሚፈልገው ያንኑ ነው። ጨርቅ የሚያነጣ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ያለ መብራት መርፌ የማይሰካበት ጥግ ውስጥ ደግሞ ቅጠል እንጂ አበባ አያወጣም። የጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ያህል በስስ መጋረጃ ተጣርቶ ቢያገኘው ደስ ይለዋል። ቅጠሉ ራሱ ይናገራል፤ ብርሃን ሲያንሰው አንገቱን አስረዝሞ ወደ ላይ ይንጠራራል፤ ሲበዛበት ይገረጣና ወደ ታች ይታጠፋል። በሳምንት አንድ ጊዜ የተተከለበትን ዕቃ ሩብ ዙር ማዞር ነው፤ አለበለዚያ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ይቀራል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ አብቃዮች በክረምታቸው ቀኑ ስለሚያጥርባቸው በኤሌክትሪክ መብራት ብርሃን ያሟሉለታል። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀናችን ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ነው፤ ይህ ስጦታ በነጻ ተሰጥቶናል።

አንድ ቀን ከገጠር ቀበሌ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ አባት ሱሪ ሊያሳጥሩ ሱቄ ገቡ። እንደ ሌላው ሰው “ፕላስቲክ ነው ወይ?” አላሉም። ቅጠሉን ገለበጡና ጀርባውን አዩት፤ ወደ ቀይ የሚያደላ ነው።

“ልጄ፣ ይኼ ፀሐይ የማያውቅ ተክል ነው። ከየትኛው ዛፍ ሥር አነሳሽው?” አሉኝ።

“ኧረ አባባ፣ ከአዲስ አበባ ነው የተላከልኝ” አልኳቸው።

“ከአዲስ አበባም ይምጣ፣ የደን ልጅ ነው።”

አልተሳሳቱም። የአፍሪካ ቫዮሌት አገሩ ታንዛኒያ ነው፤ በተለይ የኡሳምባራ ተራሮች፣ ከእነሱም ጋር የኡሉጉሩና የንጉሩ ተራሮች፣ ጥቂት ዓይነቶቹ ደግሞ ኬንያ ውስጥ ይገኛሉ። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው ጉም የሚያርፍባቸው፣ ደናቸው የማይደርቅ ተራሮች ናቸው። ቫዮሌቱ እዚያ ከትልልቅ ዛፎች ሥር፣ የድንጋይ ሽበት በለበሰ አለት ላይ፣ በአለት ስንጥቅ ውስጥ በተጠራቀመች እፍኝ በማትሞላ የቅጠል ብስባሽ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1892፣ ከዓድዋ ድል አራት ዓመት አስቀድሞ፣ እዚያው አገር ታንጋ ላይ የተሾመ ቫልተር ፎን ሴንት ፖል የሚባል ጀርመናዊ ሹም አይቶት ጀርመን ላለው አባቱ ላከለት። አባትየው ለሄርማን ቬንድላንድ ሰጡት፤ ቬንድላንድ በሃኖቨር የሄረንሃውዘን የአትክልት ሥፍራ ኃላፊ ነበር። በ1893 ሴንትፓውሊያ ብሎ ለአውሮፓ ሳይንስ አስተዋወቀው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሎስ አንጀለስ ያለ አንድ ችግኝ አፍይ ከአውሮፓ ዘር አስመጥቶ ከብዙ ችግኝ መካከል አሥር ዓይነት መረጠ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በሺዎች የሚቆጠሩት ዝርያዎች ብዙዎቹ ከእነዚያ ይወርዳሉ። አሜሪካኖች በ1946 ለእሱ ብቻ ማኅበር አቋቋሙለት።

እኔን የገረመኝ ግን ካርታው ነው። ኡሳምባራ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 5 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ማሻ በስተሰሜን 7 ተኩል ዲግሪ ገደማ። እነሱ ተራራ ላይ ናቸው፣ እኛም ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነን። እነሱ ጉም አላቸው፣ እኛም ጉም አለን። አለቱ፣ ሽበቱ፣ ከዛፍ ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ሁሉ እዚህም አለ። ማሻ ቫዮሌት ለማብቀል ተመቻችታ የተሠራች ከተማ ናት ብል አላጋነንኩም። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ አየሩ ስለሚደርቅባት ዕቃውን እርጥብ ጠጠር ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ይህን አድርጌ አላውቅም፤ የማሻ አየር ያደርግልኛል።

አየሩ ስለረዳን ግን ዋናው አደጋ ይረሳል። ቫዮሌት በጥማት ከሚሞተው በውኃ ብዛት የሚሞተው ይበልጣል፤ በእርጥብ አገር ደግሞ እጅግ ይበልጣል። አለት ላይ የለመደ ሥር ነው። ሥሩ ቀጭንና ከላይ ከላይ የሚሄድ፣ አየር የሚፈልግ ነው። ጭቃ ውስጥ ሲቆይ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱ ጠምቶት ነው ብሎ ይጨምርለታል፤ በዚያው ያልቃል። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ማጠጣቱን ማቆም እንጂ መጨመር አይገባም። ሕጉ አንድ ነው፤ ጣትን አፈሩ ላይ ማሳረፍ። ላዩ ደረቅ ሲል ማጠጣት፣ ካልደረቀ መተው። ቀን ቆጥሮ ማጠጣት አይሠራም፤ በበጋ በአራት ቀን የሚደርቀው አፈር በክረምት ከሳምንት በላይ እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ውኃው ከታች ቢሰጠው ይሻላል። ዝርግ ሳህን ላይ ውኃ ይደረግና ዕቃው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጥበታል፤ የሚበቃውን ይጠጣል፤ የቀረው ይደፋል። ሳህኑ ላይ ውኃ አጠራቅሞ ማቆየት የለም። ከላይ የሚያጠጣ ሰው የተክሉን እምብርት እንዳያርስ ይጠንቀቅ፤ ሁሉም ቅጠልና አበባ የሚወጣው ከዚያ ነውና እሱ ከበሰበሰ ሌላ የለም። ውኃው ደግሞ ቀዝቃዛ መሆን የለበትም። የዝናብ ውኃ ጨው ስለሌለበት በጣም ጥሩ ነው፤ ከማሻ ጣሪያ የሚወርደው ግን እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ውኃ የነካው ቅጠል ላይ የማይለቅ የገረጣ ቀለበት ይወጣበታል፤ ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል። ውኃውን በባልዲ ቀድቶ ቤት ውስጥ ማሳደር ነው፤ ሲነጋ የክፍሉን ሙቀት ይዞ ይገኛል።

ለልቅሶ ወይም ለሠርግ ወደ ገጠር ሄደው የሚሰነብቱ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ የክር ዘዴውን አሳያለሁ። ሃይላንድ ግማሽ ላይ ይቆረጥና ውኃ ይሞላል፤ የቫዮሌቱ ዕቃ አፉ ላይ ይቀመጣል፤ ከዕቃው ቀዳዳ የወጣ ክር ውኃው ውስጥ ይገባል። ክሩ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይ ይስባል። እዚህ ላይ ሙያዬ ይናገራል፤ ክሩ የጥጥ መሆን የለበትም። ጥጥ እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ሰው ሠራሽ የሹራብ ክር ግን ዓመት ቢቆይም አይበጠስም።

አፈሩን ከጓሮ በዶማ ቆፍሮ መሙላት አይሆንም፤ የእኛ አፈር ከባድ ነው፣ ሲረጥብ ይጣበቃል። እኔ የበሰበሰ ቅጠል በወንፊት እነፋለሁ፤ የታጠበ የወንዝ አሸዋና የከሰል ድቃቂ እጨምርበታለሁ፤ የፈላ ውኃ አፍስሼበት ሲበርድና ሲጠፈጥፍ እተክልበታለሁ፤ የፈላው ውኃ ተባዩን ይገድለዋል። በእጅ ጨብጠው ሲለቁት የሚፈርስ አፈር ከሆነ ልክ ነው። ዕቃው ትንሽ ይሁን። ሰው ለተክሉ አዝኖ ትልቅ ዕቃ ይሰጠዋል፤ ቫዮሌት ግን በትልቅ ዕቃ ውስጥ አያብብም፣ የተረፈው አፈርም ውኃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል። የዕቃው አፍ የቅጠሎቹን ስፋት ሲሦ ካለው በቂ ነው። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሥሩን በምስማር በስቶ መጠቀም ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የቤታችን ጠባይ ነው። ከሰል ማንደጃው አጠገብ ቫዮሌት አይቀመጥ። ቅጠሉ ጸጉራም ስለሆነ ጢሱንና ጥቀርሻውን ይይዛል፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ጋዝም እንቡጡን ያረግፈዋል። ሙዝም እንደዚሁ ነው። ከቴፒና ከሚዛን የሚመጣው ሙዝ በየቤቱ ቅርጫት ሙሉ ይቀመጣል፤ ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሙዙን ያበስላል፣ የቫዮሌቱን አበባ ግን ያረግፋል። አበባዬ ያለ ምክንያት ረገፈ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ “ሙዝ አጠገቡ ነበር ወይ?” ብዬ እጠይቀዋለሁ። ቅጠሉ ላይ የሚያርፈውን አቧራና የጨርቅ ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ እጠርገዋለሁ፤ በጨርቅ መወልወል ጸጉሩን ይነቅለዋል።

ማሻ ላይ ብርዱም አለ። ቫዮሌት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይመቸዋል፤ ከ15 በታች ሲወርድ ማደግ ያቆማል፤ ከ10 በታች ሲሆን ይጎዳል። በክረምት ሌሊት የመስኮቱ መስታወት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሱቁን ስዘጋ ቫዮሌቶቼን ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ አዛውራቸዋለሁ፣ ጠዋት እመልሳቸዋለሁ። ክረምቱ የሚያመጣው ሌላው ጣጣ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ነው፤ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ አበባውና ቅጠሉ ላይ ይወጣል። መድኃኒቱ አየር ነው፤ ዕቃዎቹን ማራራቅ፣ ቀን ላይ በሩን መክፈት፣ የደረቀ አበባ ወዲያው መልቀም። ጥጥ የመሰለ ተባይ ቅጠሉ ብብት ውስጥ ከታየ አልኮል በነከሩት ጥጥ ማንሳት ይበቃል። ከማሻ ዝቅ ብላ የምትገኘው ቴፒ ግን ሌላ ናት። እዚያ ብርድ የለም፤ ሙቀትና ወበቅ ነው ያለው። ቴፒ ላይ ቫዮሌት የሚያሳድግ ሰው አሸዋውን ያብዛ፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ይምረጥ። ሚዛን ተፈሪ በከፍታዋ በሁለታችን መካከል ናት፤ ለቫዮሌት ከሁላችንም የምትመቸው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ፣ ወደ ዋጋው ልምጣ። ቫዮሌት አንድ ጊዜ እጅ ከገባ ገንዘብ የማይጠይቅ አበባ ነው፤ ከአንድ ቅጠል ይባዛልና። ከመካከለኛው ረድፍ ጤነኛ ቅጠል ይመረጣል፤ ዘንጉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር አግድም በንጹሕ ምላጭ ይቆረጣል፤ በዚያው ቀላል አፈር ውስጥ ዘንጉ ብቻ ይተከላል፤ እርጥበቱ እንዳይሸሽ በላስቲክ ይሸፈናል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ከሥሩ ጥቃቅን ቅጠሎች ብቅ ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቡቃያ ነው የሚወጣው። ለያይቶ መትከል ነው። አበባ ለማየት ከዚያ በኋላ ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ልጁ እናቱን ይመስላል፤ አበባቸው ላይ እንደ ጎማ ራጅ ከመሃል ወደ ዳር የሚወጣ መስመር ያላቸው ዓይነቶች ናቸው በተለይ በቅጠል ሲባዙ መልካቸውን የማይጠብቁት። እኔ ጋ የመጣው የመጀመሪያው ቫዮሌት ራሱ ቅጠል ነበር፤ እህቴ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከችልኝ።

ታዲያ ይህ ሥራ አይደለም ወይ? መሬት አይጠይቅም። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚሠራ ነው። ወረዳዎቻችን ለአረንጓዴ አሻራ ብለው ችግኝ ጣቢያ አላቸው፤ ውኃ አጠጣጡን፣ ብስባሽ አዘገጃጀቱን፣ ጥላ አሠራሩን የሚያውቁ ሰዎች አሏቸው። ከዚያ ጣቢያ አንድ ጥግ ለቤት ውስጥ አበባ ይሰጥ ነው የምለው። ተደራጅተው ሥራ የሚጠብቁ ወጣት ሴቶች አሉን፤ ቫዮሌት፣ ቤጎንያ፣ ጥላ የሚችል ማንኛውንም ተክል በጣሳ አብቅተው የገበያ ቀን ከፕላስቲኩ ተራ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ገዢው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ይምረጥ። ዛሬ ምርጫ ስለሌለው ነው ፕላስቲኩን የሚገዛው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሕያው አበባ ይሻላል ስል ወደ ደን ገብቶ ነቅሎ ማምጣት ማለቴ አይደለም። ዛፍ ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶችን ከነቅርፊቱ ገንጥለው ለሽያጭ የሚያወጡ ሰዎች አይቻለሁ። ያ ኦርኪድ ቤት ውስጥ አይኖርም፤ ይሞታል፤ በደኑ ውስጥም ቦታው ባዶ ይቀራል። በቅጠል የሚባዛ አበባ እያለ ይህን ማድረግ ግፍ ነው።

ቫዮሌት ያሳደገ ሰው ጥላ ምን እንደሆነ በእጁ ያውቃል፤ ወደ ደኑ የምመጣውም በዚህ ነው። ዕቃውን ለአንድ ቀን ከመስኮቱ አውጥተው እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ቢያውሉት ማታ ቅጠሉ ነጥቶ ያገኙታል። በኡሳምባራ ተራሮች በዱር ያሉት ዘመዶቹ የሚጠፉት እንደዚሁ ነው። አብዛኞቹን ማንም አልነቀላቸውም፤ ከላያቸው ያለው ዛፍ ነው የተቆረጠው። ለእንጨት፣ ለእርሻ፣ ለሻይ ተክል ተብሎ ደኑ ሲሳሳ ፀሐይ አለቱ ላይ አረፈች፣ ሽበቱ ደረቀ፣ ቫዮሌቱ አብሮ ደረቀ። ዛሬ በዓለም መስኮት ሁሉ ላይ ያለው አበባ በገዛ አገሩ አንዳንድ ዓይነቱ ሊጠፋ ተቃርቧል። እኛም ዘንድ ደን ተመንጥሮ ሻይና ቡና ተተክሏል። ከጥላው በታች የሚኖረው ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ከዛፍ ላይ ተወልዶ የሚያድገው፣ ነጩን ማር የሚሰጠን ገተም ሁሉ የሚቆሙት ከላይ ያለው ዛፍ ከቆመ ነው። የሸካ አባቶች ይህን ያውቁት ነበር፤ ደኑን ቀፎ ለመስቀያ ኮቦ እያሉ ለየጎሳው ከፍለው፣ የአምልኮ ቦታውን ዛፍ እንዳይነካ ከልክለው አቆዩልን። ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም. የሸካን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዘገበው፤ ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። መዝገቡ ጥሩ ነው። ግን ሳሎኑ ውስጥ ፕላስቲክ ብቻ እያየ ያደገ ልጅ ስለ ጥላ ተክል ቢነግሩት በምን ያውቀዋል? በቲማቲም ጣሳ ውስጥ ያለ አንድ ቫዮሌት ውኃ፣ ብርሃንና ጥላ ምን እንደሚያደርጉ በየቀኑ ያሳየዋል። ትምህርት ቤቶች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ የመማሪያ ክፍል መስኮት አላቸውና።

ልጅ ያላቸው እናቶች የሚጠይቁኝም አለ፤ “ቢበላውስ?” ይሉኛል። ቫዮሌት መርዝ የለውም። በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ የሚቆመው ቅጠለ ሰፊው ዲፈንባኪያ ግን ፈሳሹ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ልጅ ባለበት ቤት ወለል ላይ ባይቀመጥ ይሻላል። ቫዮሌት የሕሙማን መቆያ ክፍል ውስጥ፣ ገንዘብ ቤት መስኮት ላይ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ቡና የሚያፈሉ እህቶቻችን ጠረጴዛ ላይ ያለ ሥጋት መቀመጥ ይችላል፤ ከማንደጃው ራቅ ይበል ብቻ።

ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሲቀንስ ቅጠል መቁረጥ እጀምራለሁ። ማሻ ያለ ወይም በማሻ የሚያልፍ ማንም ሰው ሱቄ መጥቶ ቅጠል መውሰድ ይችላል፤ ዋጋ የለውም። ይዞ መምጣት ያለበት የሚተክልበትን ጣሳ ነው። ሥሩ ያልተበሳ ጣሳ ይዞ ለሚመጣ ግን አልሰጥም፤ ምስማሩና መዶሻው ሱቄ ውስጥ ስላለ መጀመሪያ ይብሳው።